ተማሪው ይምራ ወይስ መምህሩ? ውሃው በ92 የፈላበት ክርክር

የፒያሳ አባት፦ እስኪ የምታስተምሩ ሰዎች ፍረዱኝ። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የሳይንስ መምህራቸው ዘንድሮ «ጥያቄውም ሙከራውም የእናንተ ነው፤ እኔ አግዛለሁ» ብሏቸዋል። እሷ ደስ ብሏታል። እኔ ደብተሯን ስገልጠው ባዶ ነው። ይሄ ነገር ለኛ አገር ያዋጣል?

ቲቸር ኬሚስትሪ፦ ወንድሜ፣ ባዶ ደብተር አያስደንግጥህ። ባለፈው ወር ተማሪዎቼን «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» አልኳቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ «መቶ!» አሉ። በሉ ለኩ ብዬ ቴርሞሜትር ሰጠኋቸው። ውሃው እየተንተከተከ 92 ላይ ቀጥ አለ። «ቲቸር፣ ተበላሽቷል።» ሌላ አመጡ፤ ያው 92። አንዷ ምድጃው ደክሞ ነው ብላ እሳቱን እስከ መጨረሻው ጨመረች። ንቅንቅ የለም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አላመጣውም።

ጡረተኛው፦ ጥሩ፣ የኔ ልጅ። ከዚያስ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ማለቷን፣ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ውሃ ቀድሞ እንደሚፈላ ማን ነገራቸው? አንቺ ነሽ። ብትተዪያቸው ዛሬም ቴርሞሜትር ሲቀያይሩ ነበር። የትምህርት ተመራማሪዎቹ ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 የጻፉት ይሄንኑ ነው። ጀማሪ አእምሮ በአንዴ የሚይዘው ትንሽ ነው። ያለ መሪ ፍለጋ ላይ ስትለቂው ጉልበቱ በመፈለጉ ያልቃል፤ ለመማሩ አይተርፍም።

ስድስት ኪሎ፦ ጋሼ፣ እኔ የ2014 ተፈታኝ ነኝ። በዚያ ዓመት ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣነው 3.3 በመቶ ብቻ ነን። የወደቁት ጓደኞቼ ደብተራቸው ባዶ አልነበረም። ጢም ብሎ የሞላ ነበር።

የአራት ኪሎ እናት፦ እሺ፣ ግን «ተማሪው ይምራ» ሲባል እኛ ቤት የሚመጣው ግሩፕ አሳይመንት ነው። አንድ ለአምስት ተደራጁ ሲባልም ያው ነበር። ጎበዙ ይሠራል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ። የኔዋ ጎበዝ ስለሆነች እንቅልፍ የላትም። ፖስተሩን የምቀባው ደግሞ እኔ!

የላብ ሰው፦ እኔ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። 58 ልጅ፣ 40 ደቂቃ፣ ስድስት ቴርሞሜትር። ሂሳቡን ሥሩት። አንዱ ሲሰበር የሚጠየቀውም እኔ ነኝ። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፤ ቴርሞሜትሩን ግን ጨምሩልኝ።

ጡረተኛው፦ ይሄ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። «ተማሪ ተኮር» የሚለው ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ አለ። ዐሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ምን መጣ? ፕላዝማ! ትምህርቱ በቴሌቪዥን መጣ። ልጁ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አይቆምም። እኔም ጥግ ላይ ቆሜ አብሬ አያለሁ። (አሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል።) ስለዚህ ሐሳቡን አልጠላሁትም። የምፈራው መምህሩን ከክፍሉ ማስወጫ ሰበብ እንዳይሆን ነው።

ቲቸር ኬሚስትሪ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ ጋሼ። የግፊቱን ነገር በማግስቱ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ፤ ሰሌዳ ላይ፣ በጠመኔ። ግን ጠይቀውኝ ነው። ደግሞ አንዱን አልነገርኳችሁም። አንድ ልጅ «አክስቴ አዳማ ናት፤ ቅዳሜ ቴርሞሜትሩን ይዤ ልሂድ?» አለኝ። አዳማ ከእኛ ዝቅ ትላላ። 94 ከምናምን ለክቶ መጣ። ማንም አላዘዘውም።

የላብ ሰው፦ ቴርሞሜትሩ ተመለሰ?

ቲቸር ኬሚስትሪ፦ ተመልሷል ባክህ።

የፒያሳ አባት፦ የውሃውን ነገር ማታ ለልጄ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ፕሬዠር ኩከር ውስጥስ ስንት ይደርሳል?» አለችኝ። ደብተሯ ላይም ጻፈችው፤ እስካሁን ያለው እሱ ብቻ ነው። ጋሼ፣ መልሱን ይንገሩኝ፤ ነገ ልትለካ ተነሥታለች።

ጡረተኛው፦ መልሱ ይቆያት። እሳት ላይ እያለ ክዳኑን እንዳትከፍት ግን ዛሬውኑ ንገራት።