መለኪያ የሌለውን ገባር ወንዝ ፍሰት እንዴት ልገምት?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የአንድ ተፋሰስ ሞዴል እየሠራሁ ነው። ዋናው ወንዝ ላይ የ22 ዓመት መዝገብ ያለው የፍሰት መለኪያ ጣቢያ አለ፤ ከበላዩ ያለው የተፋሰስ ስፋት 1,240 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የጨነቀኝ ከጣቢያው በላይ የሚገባው ገባር ነው። ስፋቱ 310 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን አንድም ቀን ተለክቶ አያውቅም። በስፋት ንጽጽር ሄጄ የጣቢያውን ፍሰት በ0.25 (310 ለ1,240 ሲካፈል) አባዛሁት። ባለፈው ወር ጣቢያው በአማካይ 2.1 ሜትር ኪዩብ በሰከንድ ስላሳየ ለገባሩ 0.5 ገደማ ደረሰው። ግን በዚያው ወር ገባሩን ተሻግሬዋለሁ። ውሃው ጉልበቴን አልፎ ነበር፤ ይገፋልም። 0.5 ነው ብሎ መቀበል አቃተኝ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ከጣቢያው በላይ ግድብ ወይም የመስኖ ጠለፋ አለ?

ጠያቂው፦
ዋናው ወንዝ ላይ ሁለቱም አሉ። ገባሩ ላይ ግን ምንም የለም።

መልስ፦
በቃ፣ ችግሩ እሱ ነው። ያባዛኸው ሰው የነካካውን ፍሰት ነው። መጀመሪያ ወደ ተፈጥሮው መልሰው። መስኖው የወሰደውን ደምር፣ ከእርሻው ተመልሶ ወንዙ የገባውን ቀንስ። ግድቡ በወሩ ውስጥ ከጎደለ፣ የጎደለው ውሃ ጣቢያው ላይ ተቆጥሯልና እሱንም ቀንስ። ከግድቡ ሐይቅ የተነነውን ደምር። ቁጥሮቹ አሉህ?

ጠያቂው፦
አሉኝ። መስኖው 3.4 ወስዷል፣ 0.6 ተመልሷል። ግድቡ በ30 ቀን 2.6 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ጎድሏል፤ በሰከንድ 1.0 መሆኑ ነው። ትነቱ 0.1። ስደምረውና ስቀንሰው 4.0 መጣ። የገባሩ ድርሻ 1.0 ሆነ ማለት ነው፤ እጥፍ!

ሌላ መልስ፦
ጥሩ ነው፣ ግን 0.25 ላይ አትተኛ። የስፋት ንጽጽር የሚታመነው ሁለቱ ስፋቶች ሲቀራረቡ ነው፤ ብዙዎች አንዱ ስፋት ለሌላው ሲካፈል ከ0.5 እስከ 1.5 ባለው ውስጥ ይወስኑታል። ገባሩ የበለጠ ዝናብ ካገኘ ወይም ምንጭ ከበዛበት በደረቅ ወራት ከስፋቱ በላይ ያዋጣል። ሄደህ ለካው እባክህ። ውሃው ጥልቅ ካልሆነ የፍጥነት መለኪያውን ከላይ ወደ ታች የጥልቀቱ 0.6 ላይ ያዝ፤ ወንዙን ቢያንስ 20 ቦታ ከፋፍለህ።

ጠያቂው፦
ለክቼ ተመለስኩ። ገባሩ 1.2 ሆነ። የዚያኑ ቀን የጣቢያውን ፍሰት ወደ ተፈጥሮው ስመልሰው 3.6 ነው። አንድ አራተኛ ያልኩት አንድ ሦስተኛ ሆኖ ተገኘ! ከላይኛው ዳገት ሥር ሦስት ምንጮችም አየሁ። በአንድ ልኬት ስለማይታመን ዝናቡ እስኪገባ በየሁለት ሳምንቱ እመለሳለሁ። እስከዚያ ግን ከ3.6ው የገባሩ 1.2 ሲቀነስ የቀረው 2.4 ብቻ ስለሆነ፣ ለሌሎቹ ገባሮች በሞዴሉ የሰጠሁትን ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እቀንሳለሁ።