ግራፊክስ ካርድ አሁን ልግዛ ወይስ አዲሶቹን ልጠብቅ?

የአራት ኪሎዋ፣ የካቲት 12 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ የሰማዕታት ቀን ነው፤ ተረጋግቼ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው። አርክቴክት ነኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ከጓደኛዬ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን የሕንፃ ሬንደር (ከዲዛይኑ የሚወጣ እውነተኛ የሚመስል ምስል) እንሠራለን። ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 5600 ነው። ራሙ 16 ጊጋ፣ ካርዱ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር፣ ፓወር ሰፕላዩ 550 ዋት። የምንሠራው በብሌንደርና በቪሬይ ፕሮግራሞች ነው።

አሁን የያዝነው ባለ 9 ፎቅ ሕንፃ ነው። ዛፉና መኪናው ሲገባበት ካርዱ ሜሞሪ አለቀ ብሎ ያቆማል። መጋቢት 20 ማስረከብ አለብን።

ሜክሲኮ አንድ ሱቅ ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 አግኝቻለሁ። ልገዛው ስል ጓደኛዬ «ካርድ አምራቾቹ ኤንቪዲያና ኤኤምዲ በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ያወጣሉ፣ የአሮጌው ዋጋ ይወርዳል፣ ጠብቂ» አለችኝ። የአክስቴ ልጅም ለፋሲካ ከዱባይ ይመጣል፤ አዲሱን ሊያመጣልኝ ይችላል። ግን መጠበቅ እፈራለሁ። ዓምና ላፕቶፕ ልገዛ ስጠብቅ ሐምሌ ላይ ምንዛሪው ተለቀቀ። 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ፤ ያጠራቀምኩት ሳይበቃኝ ቀረ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የፒያሳ ልጅ

ጓደኛሽ ቀኑን አልተሳሳተችም። የኤንቪዲያ 5070 ቲአይ ነገ ይወጣል፣ በ749 ዶላር። 5070 የካቲት 26 ነው፣ ማለትም ማርች 5፣ በ549 ዶላር። ኤኤምዲ ደግሞ 9070 እና 9070 ኤክስቲን የካቲት 21 አቀርባለሁ ብሏል። ዋጋቸውን ግን እስካሁን አልተናገረም።

ለምን እንዳልተናገረ የራሴን ግምት ልንገርሽ። የገና ዋዜማ ላስ ቬጋስ ላይ ሁለቱም መድረክ ነበራቸው። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ላይ ኤኤምዲ ወጣ። ሁሉም አዲሶቹን ካርዶች ሲጠብቅ ከመድረኩ ንግግር ውስጥ አስቀራቸው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን በሚመለስበት ሰዓት፣ የኤንቪዲያው ጄንሰን ሁዋንግ 5070 በ549 ዶላር ነው ብሎ አወጀ። ኤኤምዲ የተፎካካሪውን ዋጋ ሳያይ የራሱን መናገር አልፈለገም ብዬ አምናለሁ።

ምክንያትም አለው። በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 5700 ኤክስቲን በ449 ዶላር ብሎ ቀድሞ አሳውቆ ነበር። ኤንቪዲያ ጁላይ 2 ላይ ሱፐር የሚባሉትን ካርዶች ይዞ መጣ። ኤኤምዲም መሸጥ ሊጀምር ሁለት ቀን ሲቀረው ዋጋውን ወደ 399 አወረደ። ቀድሞ የተናገረ ይጎዳል። እናም ግምቴ፣ ኤኤምዲ ከ5070 ጋር በቀናት ልዩነት ይወጣል፣ ዋጋውም እዚያው አካባቢ ይሆናል።

የቦሌው

ትንሽ ታገሺ ባይ ነኝ። 5070 ሜሞሪው 12 ጊጋ ነው። 9070ዎቹ 16 ጊጋ ናቸው። ችግርሽ ሜሞሪ ከሆነ 16 ጊጋውን አስመጪ። ለዓመታት ያገለግልሻል።

የካዛንቺሱ ጠጋኝ

ልጄ፣ እኔ 20 ዓመት ኮምፒውተር ጠግኛለሁ። ሱቄ የነበረበት ሰፈር ስለፈረሰ አሁን ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሬያለሁ፣ ሥራው ግን ያው ነው።

እነዚህ የምትባባሉት ቀኖች የአሜሪካ ቀኖች ናቸው። የኤንቪዲያው 5090 ጥር 22 ወጣ ሲባል በደቂቃዎች አለቀ። ከዚያ በኋላ ያገኘው ሰው ብዙ ጨምሮ ነው የገዛው። አዲስ ካርድ በተባለለት ዋጋ ዱባይ ደርሶ፣ ከዚያ በሻንጣ እዚህ እስኪገባ ወራት ሊወስድ ይችላል። ያንቺ ቀጠሮ መጋቢት 20 ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው። የአክስትሽ ልጅ ካርዱን ቢያገኝ እንኳ ለዚህ ሥራ አይደርስም።

የአሮጌው ዋጋ ይወርዳል የሚባለውም እዚህ እምብዛም አይሠራም። ባለሱቁ ዕቃውን ያስገባው ዶላር በገዛበት ዋጋ ነው። አሜሪካ አዲስ ስለወጣ ከስሮ አይሸጥልሽም። 549 ዶላርን በ125 ብር ብቻ ብታሰይው 68,625 ብር ይመጣል። ትርፍና ማጓጓዣ ገና አልተጨመረም።

ደግሞ ፓወር ሰፕላይሽን አትርሺ። ለ5070 የሚመከረው 650 ዋት ነው። 3060 ግን 170 ዋት ስለሚበላ ባለሽ 550 ይሠራል። ዩፒኤስሽ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው) 650 ቪኤ (የአቅሙ መለኪያ) ከሆነ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው። ከባድ ካርድ ላይ ሬንደር እየሠራሽ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ አብሮ ይጠፋል። አራት ሰዓት የሠራሽው ሥራ ሄደ ማለት ነው።

ሬንደር ሠሪው

ጋሼ ያሉት ላይ ስለ ፕሮግራሙ ልጨምር፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ቪሬይ በግራፊክስ ካርድ ሬንደር የሚያደርገው ለጊዜው በኤንቪዲያ ብቻ ነው። ብሌንደር በኤኤምዲም ይሠራል። ቪሬይን ካልተውሽ የቦሌው ወንድማችን ያለው 9070 ለሥራሽ አይሆንም። 16 ጊጋ መሆኑም ያን ችግር አይፈታልሽም።

ኤንቪዲያ «5070 የ4090ን (የቀድሞውን ትልቁን ካርድ) አቅም በ549 ዶላር» ያለው እንዳያጓጓሽ። የጌም ምስሎችን መሀል መሀሉን በኤአይ እየሞሉ የሚቆጠር ነው። ሬንደር ላይ እንዲህ ያለ መሙላት የለም። ካርዱ እያንዳንዱን ምስል ራሱ ማስላት አለበት።

የ1660 ሱፐር ሜሞሪ 6 ጊጋ ነው። 3060 እጥፉ ነው፣ 12። ለብርሃን ስሌት የተሠራ ክፍልም አለው፤ ባንቺ ካርድ ላይ ይሄ የለም። ባለ 9 ፎቁ እንደሚከፈት ተስፋ አለኝ።

ግን አደራ! 3060 ሁለት ዓይነት ነው። በኋላ የወጣ ባለ 8 ጊጋ አለ፣ ስሙ ያው ነው። ካርቶኑን አትመኚ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂና ሱቁ ውስጥ ክፈቺው። 12 ጊጋ፣ 192 ቢት፣ 3584 ኩዳ ኮር ማለት አለበት። 128 ቢት ካለ ባለ 8 ጊጋው ነው፤ ተመለሺ። ከዚያ የራስሽን ፋይል ብሌንደር ላይ 20 ደቂቃ አሠሪው። ማይኒንግ (የክሪፕቶ ገንዘብ ማምረት) ላይ የቆየ ካርድ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው ሲሞቅ ነው። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ወይም ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ይመጣል።

የአራት ኪሎዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቪሬይን መተው አንችልም፤ ደንበኞቻችን የሚልኩልን ፋይል በሱ ነው። ቅዳሜ ፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ።

የፒያሳ ልጅ፣ የካቲት 22

ኤኤምዲ ትናንት ተናገረ። 9070 ኤክስቲ 599፣ 9070 ደግሞ 549 ዶላር። ሽያጩ የካቲት 27 ነው፣ 5070 በወጣ ማግስት። አንድ ቀን ብቻ! ዋጋውም ከ5070 ጋር ቁርጥ እኩል። ጌም ለሚጫወት ሰው ጥሩ ፉክክር ነው፣ ደስ ብሎኛል። እህቴ፣ አንቺ ምን አደረግሽ?

የአራት ኪሎዋ፣ መጋቢት 2

ይቅርታ፣ ሥራ ውስጥ ገብቼ ጠፋሁ። መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ያለው ካርድ 128 ቢት አለ። ካርቶኑ ላይ 12 ጊጋ ተብሎ ተለጥፎበት ነበር። ሳትነግሩኝ ብሄድ ኖሮ ከፍዬ ነበር የምወጣው። እዚያው ሕንፃ ላይ ሌላ ሱቅ ትክክለኛውን አገኘሁ። 20 ደቂቃ አሠራሁት፣ 71 ዲግሪ ላይ ቆመ። ባለሱቁ የአንድ ወር ዋስትና በጽሑፍ ሰጠኝ።

ባለ 9 ፎቁ ተከፍቷል። ዛፉ ሁሉ አለ። ከአክስቴ ልጅ ጋርም ተነጋግረናል፤ ለፋሲካ ካርድ ሳይሆን 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ ያመጣልኛል። ጋሼ፣ እሱ ሲመጣ ዩፒኤሱን ስንት ቪኤ ላድርገው?

የካዛንቺሱ ጠጋኝ

ጎሽ ልጄ። አሁን ላለሽ ካርድ 1000 ቪኤ ይበቃል። ከባድ ካርድ ስትቀይሪ ግን 1500 ያዢ። ከመግዛትሽ በፊት ባትሪው የተመረተበትን ቀን እይ፤ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት የቆየ ከሆነ ተይው።