ላረጀች መኪና አውቶማቲክ ሎክ፦ ምን ይገዛ፣ ማን ይግጠመው?

ሰሞኑን «መኪናዬ ስትነሳ በሯ ራሱ እንዲቆለፍ ምን ላስገባ፣ የት ላሠራ?» የሚል ጥያቄ እየተደጋገመ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። መርካቶም ሆነ ሜክሲኮ መንገዱ ሲጨናነቅ የኋላ በር ከፍቶ ቦርሳ ይዞ የሚሮጥ አለ። አንዱ በሾፌሩ በኩል መጥቶ «ጎማሽ ተንፍሷል» ይላል፣ ጓደኛው በዚያኛው በር ስልክ ይሰርቃል። ብዙ አዲስ መኪና ሲነሳ በሩን ራሱ ስለሚቆልፍ ባለቤቱ ነገሩን ልብም አይለው። መኪና መቀየር ደግሞ ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ሆኗል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ቶዮታ ቪትዟም ኮሮላ ዲኤክሷም ገና ብዙ ዓመት አብረውን ናቸው። ያለችውን ማሻሻል ነው የሚያዋጣው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን መኪናችሁ ምን እንዳላት እወቁ። ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። የሾፌሩን በር ከውስጥ ስትቆልፉት ሌሎቹ አብረው ጧ ብለው ከተቆለፉ መኪናዋ ሴንትራል ሎክ አላት ማለት ነው። እንግዲያው በሮቹን የሚቆልፉ 4 ትናንሽ ሞተሮች የያዘውን ሙሉ ኪት (የዕቃ ስብስብ) አትግዙ። የጎደላት «አሁን ቆልፍ» ብሎ የሚያዝ ትንሽ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው። ሦስቱ ተቆልፈው አንዱ ዝም ካለም ሙሉ ኪት አያስፈልግም። ወይ የዚያ በር ሞተር ሞቷል፣ ወይ ከበሩ ወደ መኪናው አካል በሚያልፈው የጎማ ቱቦ ውስጥ ሽቦ ተበጥሷል። በተለይ የሾፌሩ በር ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ስለሚውል ሽቦው እዚያ ጋ እየታጠፈ ይቆረጣል። ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ቱቦውን ወደኋላ ስቦ ቶሎ ያገኘዋል። ሰነፉ «ሎኩ በሙሉ ይቀየር» ይላችኋል። እንዲህ ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ምንም የሌላት ደግሞ አለች። የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ ዲኤክስ፣ ላዳ፣ ቮልስ፣ እንዲሁም ርካሽ ሞዴል ሆነው የተሠሩ አንዳንድ አሮጌ ቶዮታዎች። ሙሉ ኪት የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው።

አንድ የተረሳ ነገር ደግሞ አለ። ከአሜሪካ የመጡ የ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላና ካምሪ ካሏችሁ የመኪናዋን ማኑዋል ፈልጉና የበር ሎክ የሚለውን ክፍል አንብቡ። አንዳንዶቹ ማርሽ ከፓርክ ሲወጣ በር እንዲቆለፍ የሚያደርግ ነገር ከፋብሪካ አላቸው፤ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል ብዙ ሰው አያውቀውም። ካለ በነጻ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ በካርቶን የታሸገ የቻይና ኪት ታገኛላችሁ። ውስጡ 4 ሞተር፣ መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች፣ ብሎንና የሽቦ ጥቅል አለው። ካርቶኑን ሳትከፍቱ አትክፈሉ። ቢያንስ የአንዱ ሞተር ሽቦ 5 መሆን አለበት፣ ሁለት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። የቀሩት 2 ሽቦ ናቸው። ባለ 5 ሽቦው የሾፌሩ በር ላይ ይገባል፤ በሩ በእጅ ወይም በቁልፍ መቆለፉን ለሌሎቹ የሚነግራቸው እሱ ነው። ሁሉም 2 ሽቦ ከሆኑ በሪሞት ካልሆነ በቀር አብረው አይቆለፉም፣ የሪሞቱ ባትሪ ያለቀ ቀን 4ቱን በር እየዞራችሁ ትቆልፋላችሁ። ቮልቱንም እዩ። 12 ቮልት ነው የምትፈልጉት፣ 24ቱ የከባድ መኪና ነው።

እዚህ ጋ ሻጩን ጠንከር አድርጋችሁ ጠይቁት። «አውቶማቲክ ነው?» ስትሉት «አዎ» ይላል፣ እሱ ግን የሚያወራው በሪሞት ስለሚሠራው ነው። ተራው ኪት መኪናዋ ስትነሳ ራሱ አይቆልፍም። ሪሞት ስትጫኑ ወይም የሾፌሩን በር ስትቆልፉ ብቻ ነው የሚሠራው።

ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ ከሎኩ ጋር የሚያያዝ የመኪና አላርም የምመክረው። ስለ ጩኸቱ አይደለም። ለጩኸቱማ ግድም የለኝ፣ ክረምት ላይ ነጎድጓድ በጮኸ ቁጥር ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው ርካሽ አላርም ጎረቤት ያጣላል፣ ከዚያ በኋላ ሌባ መጥቶ ቢጮህ እንኳ ማንም መስኮት አይከፍትም። ግን አብዛኞቹ አላርሞች ውስጥ ቁልፍ ዞሮ ሞተር ሲነሳ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በሩን የሚቆልፍ፣ ሲጠፋ የሚከፍት ነገር አብሮ አለ። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ገጣሚው ከሪሞቱ ወይም ከውስጥ ባለችው ትንሽ ማብሪያ ያበራዋል። መመሪያውን አብራችሁ ተቀበሉ፣ ሥራው ሲያልቅ እናንተው ፊት አብርቶ ያሳያችሁ። የንዝረት ሴንሰሩን ስሜት ደግሞ ዝቅ ያድርግላችሁ።

ከውጭ ሰው የሚያስመጡት አሉ፣ ወንድም ከዱባይ ወይ አክስት ከአሜሪካ በሻንጣ። ቫይፐርና ስቲልሜት የሚታወቁ ብራንዶች ናቸው፣ ጥራታቸውም ያስተማምናል። ችግሩ የሽቦ ንድፉን አንብቦ የሚገጥም ባለሙያ ማግኘት ነው። እዚህ ያሉት ልጆች ለለመዱት የቻይና ሳጥን እጃቸው ይፈጥናል፤ አዲስ ነገር ስታመጡላቸው ግማሹን ሽቦ «ይሄ አያስፈልግም» ብለው ቆርጠው ይጥሉታል።

ኦቢዲ (የመኪናዋ ኮምፒውተር መመርመሪያ መሰኪያ) ላይ የምትሰካውንም ብዙዎች ይጠይቁኛል። በቪዲዮ ሲታይ ደስ ይላል፤ ከዳሽቦርዱ ስር ትሰካላችሁ፣ ፍጥነታችሁ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ይቆልፋል፣ አንድም ሽቦ አይነካም። አሮጌ መኪና ላይ ግን እርሱት። መሰኪያው መኖሩ ብቻ አይበቃም። የበሩ ትዕዛዝ በመኪናዋ ኮምፒውተር መስመር ማለፍ አለበት፣ ዕቃውም ለዚያች ሞዴል ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ይሄ ካን የሚባለው መስመር በሁሉም አዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። የ2001 እ.ኤ.አ. ቪትዝ ላይ ብትሰኩት መብራቱ ይበራል፣ በሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

መቼ ይቆለፍ የሚለውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የተወሰነ ፍጥነት ላይ ስትደርስ እንዲቆለፍ ከፈለጋችሁ መኪናዋ የፍጥነት ሴንሰር ሊኖራት ይገባል። የዲኤክስ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ በካቦ ስለሚሠራ እሷ ላይ ይሄ ጣጣ ነው። በቁልፍ ሞተር ሲነሳ እንዲቆለፍ ከሆነ ቀላል ነው፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው፦ ላቫጆ። ልጁ መኪናዋን አስነስቶ ትንሽ ያስጠጋታል፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርዳል፣ በሩን ይዘጋል። ጧ። ሞተር እየሠራ፣ ቁልፍ ውስጥ፣ መስኮት ዝግ። ጥሩዎቹ መቆጣጠሪያዎች የአንድ በር ክፍት መሆን ሲሰማቸው አይቆልፉም፣ ርካሾቹ ግን ሰከንዳቸውን ቆጥረው ይቆልፋሉ። ለእኔ የሚሻለው ፍሬን ስትረግጡ የሚቆልፈው ነው። ከፍሬን ስቶፕ መብራቱ ላይ አንድ ሽቦ ይወሰዳል፣ ሞተር ተነስቶ መጀመሪያ ፍሬን ስትይዙ ይቆለፋል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት መኪና ፍሬን ሳይረገጥ ማርሽ ስለማታስገባ በተለይ ለእሷ ይመቻል። የምትገዙት አላርም በፍሬን የሚሠራ ከሆነ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ውሰዱት። በቁልፍ የሚሠራውን ከያዛችሁ ደግሞ ትርፍ ቁልፍ ቤት አስቀምጡ፣ ላቫጆ ስትሰጡም መስኮት ዝቅ አድርጉ።

ማን ይግጠመው? ሦስት ዓይነት ሰው ታገኛላችሁ። ሶማሌ ተራ ዕቃውን ስትገዙ እዚያው መንገድ ዳር የሚገጥሙ ልጆች አሉ። ፈጣኖች ናቸው፣ ይረክሳሉም፣ ሥራው ግን ቶሎ ቶሎ ነው። ነገ ሽቦ ቢለቅ ልጁን መልሳችሁ ማግኘት ከባድ ነው። የመኪና ጌጣጌጥ የሚሸጡ ሱቆች ደግሞ ዕቃና ሥራ አንድ ላይ ያስከፍላሉ፣ ይወደዳሉ፣ ቤታቸው ግን ይታወቃል፣ ቢበላሽ ትመለሳላችሁ። ሦስተኛው የሰፈር ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ነው። እኔ ወደዚህ ሦስተኛው ነው የማደላው። ዕቃውን ራሳችሁ ከሶማሌ ተራ መርጣችሁ ገዝታችሁ ወደ እሱ ውሰዱት። ዕቃውን ስላልሸጠላችሁ የሚያስወድድበት ምክንያት የለውም፣ መኪናዋንም ያውቃታል።

ጎበዙን እንዴት ትለያላችሁ? ቴስተሩን ሲያወጣ እዩት። በሩን ሳይፈታ በፊት ከዳሽቦርዱ ስር የትኛው ሽቦ ምን እንደሚሠራ የሚለካ ሰው አስተማማኝ ነው። ብዙ ቶዮታዎች ላይ የሎኩ ማብሪያ የሚልከው ኔጌቲቭ ነው፤ ሳይለካ ፖዘቲቭ የሚያያይዝባት ሰው ፊውዝ ሊያቃጥል፣ ሲብስም የመኪናዋን ሎክ መቆጣጠሪያ ሊገድል ይችላል። ከዚያ የበሩን የውስጥ ሽፋን ሲያነሳ ተመልከቱ። የፕላስቲክ ክሊፖቹን አንድ በአንድ ነው የሚያስለቅቀው ወይስ በካቻቢቴ ገፍትሮ? ከሽፋኑ ኋላ የተለጠፈች ስስ ፕላስቲክ አለች፣ የዝናብ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የምትከለክል። ሰነፍ ገጣሚ ቀድዶ ይጥላታል፣ ሐምሌ ላይ ምንጣፋችሁ ለምን እንደራሰ አይገባችሁም። ሽቦው በጎማ ቱቦው ውስጥ ማለፍ አለበት። በሩ ጠርዝ ላይ ተጎትቶ ከተዘጋበት በጥቂት ወር ይቆረጣል። ሽቦ አጣምሮ በናስትሮ ጠቅልሎ መተው ሳይሆን በብየዳ እርሳስ አያይዞ ነው መጠቅለል ያለበት። ፊውዝም ይጠይቃል! 4 ሞተር በአንድ ጊዜ ሲስብ ለቅጽበት ብዙ ኃይል ስለሚወስድ ከባትሪ የሚመጣው ሽቦ ፊውዝ ከሌለው እሳት እስከማስነሳት ሊደርስ ይችላል። «ፊውዙ የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አሳዩኝ በሉ።

ከመግጠሙ በፊት ሎኮቹን ያጽዳ። የበሩን ጉጥ (ተጭነን የምንቆልፍበትን) በአንድ ጣት ስትጫኑት በቀላሉ ካልወረደ ሞተሩ ላይ ሸክም ነው። ውስጡን ደብሊው ዲ 40 በሚባለው የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ አጥቦ ትንሽ ግራሶ ማድረግ ብዙም ወጪ የለውም። የደረቀ ሎክ ላይ የተገጠመ አዲስ ሞተር ዓመት አይቆይም።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ። ሴንትራል ሎክ ላላት መኪና የሚከፈለው ሙሉ ኪት ከሚገባላት በጣም ያነሰ መሆን አለበት፣ የሚፈታ በር ጥቂት ስለሆነ።

ለጠየቃችሁኝ ልመልስ። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ ቪትዝ ላላት እህታችን፦ የእርስዎ መኪና ላይ ገጣሚው በጣም ይጠንቀቅ። ከፋብሪካ የሾፌር በር የነበረው በስተቀኝ ያለው ነው። ዋናው ማብሪያና ባለ ብዙ ሽቦው ሎክ ምናልባት እዚያው ቀርቶ ይሆናል፣ መሪውን ያዞሩት ሰዎችም ሽቦ ቀጣጥለው ሊሆን ይችላል። በግራው በር ብቻ ተነስቶ «ሴንትራል ሎክ የላትም» የሚል ሰው ካጋጠመዎት የቀኙንም በር ቆልፈው ይሞክሩት።

ልጆች ለምትጭኑ፦ አውቶማቲክ ሎክ የልጅ ሎክን አይተካም። የኋላ በር ስትከፍቱ ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሸራተቻ ገፍታችሁ አብሩ፣ ከውስጥ መክፈት አይቻልም። ዲኤክስ ላይ ሳይቀር ያላት አለች።

ሌባ በሽቦ እንዳይስበው ብላችሁ የበሩን ጉጥ የምታስቆርጡ ደግሞ ተዉ። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ኤርባግ ሲፈነዳ የበሩን ሎክ ራሳቸው ይከፍታሉ። በኋላ የተገጠመ ኪት ግን ይሄን አያውቅም። አደጋ ቢደርስ ባትሪው ከተቋረጠ ከውስጥ የምትከፍቱበት ያ ጉጥ ነው፣ የኋላ ተሳፋሪም የት እንዳለ ይወቅ። ራይድ የምትሠሩ በተለይ። የሾፌሩ በር የቁልፍ ቀዳዳም ሁልጊዜ የሚሠራ ይሁን፣ ባትሪ ሲሞት ሌላ መግቢያ የለም።

በስልክ አፕ የሚከፈተውን የጠየቅኸኝ ወንድሜ፣ ለአሮጌ መኪና አልመክርህም። ቆማ ስትውል ባትሪ ይበላል፣ ያለህ ባትሪ ደግሞ ደካማ ነው ብለሃል። መጀመሪያ ባትሪውን ቀይር።

አዳማ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በቴስተር ለክቶ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን የምታውቁ ሰፈሩን ከታች ጻፉልን፤ የጠየቁኝ ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ይበዛሉ።