ለታፈነ የድመት አፍንጫ የቱ ይሻላል? የምመክረውና የማልመክረው

ድመቴ ታስነጥሳለች፣ አፍንጫዋ ተዘግቷል፣ ስትተኛ ታንኮራፋለች፤ ምን ልግዛላት፣ የትስ ልውሰዳት ለምትሉ ይኸው የኔ ጥቆማ።

አብዛኛው የድመት ጉንፋን የሚመጣው ከሁለት ቫይረሶች ነው፤ ከሄርፐስና ከካሊሲ። ቫይረስ ደግሞ በአንቲባዮቲክ አይድንም። ድመቷ እየበላች እየተጫወተች ከሆነ፣ ንፍጧም እንደ ውሃ ቀጭን ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃታል። ስለዚህ ወደ ፋርማሲ አትሩጡ።

ገንዘብ ማውጣት ካማራችሁ ኔቡላይዘር፣ ማለትም ፈሳሽን ወደ ጭጋግ የሚቀይር ማሽን ግዙ። ለሰው አስም የሚሸጠው ተራው ማሽን ይበቃል። የሚገባበት ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ብቻ ነው። ጭንብሉን ፊቷ ላይ ለመያዝ አትታገሉ፣ ትቧጭራችኋለች። መያዣ ሳጥኗ ውስጥ አስገቧት፣ ከላይ በፎጣ ሸፈን አድርጉ፣ ለአየር ክፍት ቦታ ተዉና ጭጋጉን በፍርግርጉ በኩል 10 ደቂቃ ያህል ልቀቁባት። ንፍጡ ሲላላ ደጋግማ ታስነጥሳለች፤ አትደንግጡ፣ የሚፈለገውም እሱ ነው። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ ጠረግ ጠረግ ማድረግ። ማሽን ከሌለ ሙቅ ሻወር ከፍቶ በእንፋሎት የታፈነ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አብሯት መቀመጥም ይረዳል፣ የኔቡላይዘሩ ጭጋግ ግን ደቃቅ ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ይገባል። የፈላ ውሃ አጠገብ ግን በፍጹም!

ኤል-ላይሲን የሚባለው የአሚኖ አሲድ ማሟያስ? ሁሉም ይመክረዋል፣ እኔ አልመክርም። በ2015 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን አንድ ላይ የገመገመ ጽሑፍ ለሄርፐስ እንደማይሠራ አሳይቶ መስጠቱ ይቁም እስከ ማለት ደርሷል። ገንዘቡን ለምርመራ አስቀምጡት።

ንፍጡ ወፍሮ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ምግብም ከተወች ሐኪም ጋ ውሰዷት። ከአንቲባዮቲኮቹ እኔ ዶክሲሳይክሊንን ከአሞክሲሲሊን አስበልጣለሁ፣ ምክንያቱም ክላሚዲያና ማይኮፕላዝማ የሚባሉትን ባክቴሪያዎች ሁለቱንም ያጠቃል፤ አሞክሲሲሊን ደግሞ ማይኮፕላዝማ ላይ አይሠራም። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ የዶክሲሳይክሊን ኪኒን በደረቁ ከተሰጠ ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል፣ ምግብ መውረጃዋንም ሊያጠበው ይችላል። በሲሪንጅ ጥቂት ውሃ አስከትሉ። ሄርፐሱ ለከበደባት ሐኪም ፋምሲክሎቪር የተባለ የቫይረስ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ስሙ ስለሚመሳሰል አሲክሎቪር ኪኒን እንዳትሰጡ፤ ለድመት መርዝ ነው። ፓራሲታሞልም እንደዚያው፣ አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል። የባሕር ዛፍ ዘይት፣ የሚቀባ ሜንቶል፣ የሰው የአፍንጫ ጠብታ፣ ሁሉም ይቅር።

አሁን ወደ ክሊኒክ ምርጫ። ለተራው ጉንፋን ቅርብ ያለው ክሊኒክ ይበቃል። ንፍጡ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ ከመጣ፣ ደም ከቀላቀለ፣ ፊቷ ካበጠ ወይም ሳምንታት አልፈው ካልለቀቃት ግን ሲቲ ስካንና የአፍንጫ ካሜራ ያለበት ትልቅ ሆስፒታል ይሻላል። ከበስተጀርባው የጥርስ ሥር መግል፣ ፖሊፕ (ካንሰር ያልሆነ ትርፍ ሥጋ)፣ ፈንገስ፣ ዕጢ ወይም የገባ ሣር ሊኖር ይችላል፤ ተራ ራጅ ደግሞ ብዙውን ያመልጠዋል። ጥርሷን ሳያይ ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ የሚያዝ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። የአፍንጫ ፈሳሽ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ መለየት፣ ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም፣ ጤነኛ ድመት አፍንጫ ውስጥም ባክቴሪያ ሞልቷልና። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚወጋ ስቴሮይድም ያሰጋኛል፤ የተኛውን ሄርፐስ ይቀሰቅሳል።

ስለ ምግብ፦ ድመት ካላሸተተች አትበላም። እርጥቡን ምግብ ትንሽ ሞቅ አድርጉት። ቀኑን ሙሉ እምቢ ካለች አትጠብቁ፣ ጾሟን ስትሰነብት ጉበቷ ስብ ይሞላና ከጉንፋኑ የባሰ ነገር ይመጣል። ምግብ የሚያስከጅል ጆሮ ላይ የሚቀባ ሚርታዛፒን አለ፣ ሐኪሙን ጠይቁት።

አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ይህን ሁሉ ማንበብ ትታችሁ አሁኑኑ ውሰዷት። ሌሎች ድመቶች ካሏችሁ ደግሞ ክፍሏን ለዩ፣ ሳህኗንም በበረኪና እጠቡና በደንብ አለቅልቁ፤ ካሊሲ ዕቃ ላይ ብዙ ቀን ይቆያል።