እናቴ ገደብ ላይ ናት፤ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ እንዴት አስፈቅጄ ልውሰዳት?

ጥያቄ (ከአዳማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። በደረቅ ቼክ ተከሳ አምና እዚሁ አዳማ ተፈረደባት። እስራቱ በ2 ዓመት ገደብ ታግዶላት፣ ሳትታሰር በየወሩ ፖሊስ ጣቢያ ቀርባ ትፈርማለች፤ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ከከተማ እንዳትወጣም ታዟል። አሁን የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምናው እዚሁ ተሠራላት፤ ለጨረር ግን ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ተጻፈላት። የሚያስፈርማት ፖሊስ «ሂጂ፣ እኔ አውቄያለሁ» ብሏታል። እሷ «ታስሬ ከምሞት ቤቴ ልሙት» ብላ እምቢ አለች። ጠበቃ የምንይዝበት ገንዘብ የለንም። ለማን፣ ምን ብዬ ላመልክት?

መልስ (ጠበቃ)፦
እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። መፍራታቸው ልክ ነው። ፖሊሱ ፊርማ ይይዛል እንጂ ገደቡን የሰጠው እሱ አይደለም፤ ከከተማ አትውጪ ያለው ፍርድ ቤት ነው፣ የሚፈቅደውም እሱው ነው። አዲስ ክስ መክፈት አያስፈልግም። ውሳኔውን የሰጠው ችሎት ዘንድ በዚያው መዝገብ ቁጥር ማመልከቻ ይገባል። መጀመሪያ የውሳኔውን ግልባጭ አውጥተሽ የተጻፈውን ቃል በቃል አንብቢ። አንዳንዱ «ከከተማ አትውጣ» ይላል፣ አንዳንዱ «አድራሻ ስትቀይር አሳውቅ» ብቻ ነው የሚለው። ማመልከቻው ላይም «አመክሮ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። አመክሮ የእስራቱን ሁለት ሦስተኛ ጨርሶ ለሚወጣ ነው፤ የእናትሽ ገደብ ነው።

መልስ (የአዳማ ነዋሪ)፦
አዳማና አዲስ አበባ እኮ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፍጥነት መንገዱ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ነው፤ ማን ያያታል?

መልስ (ጠበቃ)፦
ወንድሜ፣ ቼኩን የያዘው ሰው ያያቸዋል። ገንዘቡ ያልተከፈለው ሰው አንድ ቀን መናኸሪያ ቢያገኛቸው ለፍርድ ቤት ለመናገር አያመነታም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ገደብ ሊነሳ ይችላል፤ ያኔ የታገደው እስራት ይፈጸማል። በታመሙ ሴት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አትምከር።

መልስ (እኔም በገደብ የነበርኩ)፦
የኔን ስህተት አትድገሚ። ለኩላሊቴ ስታከም የመጀመሪያውን ቀጠሮ ቀን ብቻ ጠቅሼ ፈቃድ ጠየቅኩ። ሐኪሙ ሌላ ቀን ቀጠረኝ፣ እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ሰልፍ። ጨረር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ ለሳምንታት የሚሰጥ ነው። ስለዚህ «ሕክምናዋን እስክትጨርስ» ብለሽ ጠይቂ፤ የምታርፉበትን ቤት አድራሻና ስልክ ጻፊ። የፊርማውንም ጉዳይ ማመልከቻው ላይ ጥቀሺ፦ እዚያ ባለ ፖሊስ ጣቢያ ትፈርም ወይም ስትመለስ ትቀጥል በይ። ይህን ዝም ብለሽ ካለፍሽው ፈቃድ ይዛም ፊርማ እንዳቋረጠች ይቆጠርባታል።
ሪፈሩን ኦርጅናሉን ያዢ። እኔ ፎቶ ኮፒ ሳቀርብ ዳኛዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙራ ማኅተሙን ፈለገች፤ ኮፒው ላይ ከሰማያዊው ክብ ግማሹ ጠፍቶ ነበር። «ኦርጅናሉን አምጣ» ብላ ለሳምንት ቀጠረችኝ።

መልስ (ራፖር ጸሐፊ)፦
በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ይዘሽ መጥተሽ እንዳትመለሺ። እኛ ዘንድ ብትመጪ በአንድ ገጽ እንጽፍልሻለን። ረጅም ታሪክ አታብዢበት፦ መዝገብ ቁጥር፣ የገደቡ ቃል፣ ሕመሙ፣ ሆስፒታሉ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የሚጠየቀው ነገር፣ አለቀ። ክረምት ላይ ፍርድ ቤት ሲዘጋም ተረኛ ችሎት አለና «አስቸኳይ» የሚለው ከላይ ይጻፍ።

መልስ (ነርስ)፦
ሪፈር ብቻውን ሕክምናው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አይናገርም። ሐኪሟ መዘግየቱ እንደሚጎዳት ጠቅሶ ደብዳቤ ይጻፍላት። ጥቁር አንበሳ ከደረሳችሁ በኋላም የጊዜውን ሰሌዳ በማኅተም አስጽፋችሁ መዝገቡ ውስጥ አስገቡ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቀኑ ይገፋ ይሆናል፤ ዛሬውኑ ጀምሩ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግልባጩን አወጣን፤ «ከአዳማ ከተማ ያለ ፈቃድ እንዳትወጣ» ይላል። ማመልከቻው በኦሮምኛ ተጽፎ ዛሬ መዝገብ ቤት ገባ፤ ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሩን። እናቴ የሪፈሩን ኦርጅናል በላስቲክ ጠቅልላ ትራሷ ስር አድርጋዋለች።