የፋሽን ሳምንቱ የትርዒት ሰሌዳ፦ የጋራ ረቂቅ ለማዘጋጀት የተደረገ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ማመልከቻ መቀበል አቁመናል። ከሐሙስ እስከ እሑድ ባሉት አራት ቀናት ትርዒት ለማሳየት 31 ዲዛይነሮች ጠይቀዋል። ያሉን ሁለት አዳራሾች ናቸው፤ ትልቁ 500፣ ትንሹ 200 ሰው ይይዛል። የእኔ የመጀመሪያ ሐሳብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ አንድ ትርዒት፣ በቀን ስምንት ማድረግ ነበር። በአራት ቀን 32 ይሆናል። ሁሉም ይገባል፣ አንድ ቦታም ይተርፋል። ወረቀት ላይ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ለቦርዱ የሚቀርበው የሁላችንም ሐሳብ እንዲሆን እፈልጋለሁ። አይሠራም የምትሉትን ስትነግሩኝ በምን እንደምንተካውም ጨምሩልኝ።

የሜካፕና የፀጉር ቡድን መሪ
በየሰዓቱ የሚለው አይሠራም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ለአንድ ትርዒት 24 ሞዴሎች አሉ እንበል። ስድስት ሜካፕ ሠሪ አለኝ። አንዷን ለመጨረስ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ አራት ዙር፣ 160 ደቂቃ። የመጨረሻ ማስተካከያው ሲጨመር ሦስት ሰዓት ነው። ሞዴሎቹን ሦስት ሰዓት ቀድመው ይምጡ የምንለው ለዚህ ነው። ትርዒቱ በየሰዓቱ ከሆነ ግን ያቺው ልጅ እኔ ወንበር ላይ መቀመጥ ባለባት ሰዓት ሌላ ቦታ መድረክ ላይ ናት።

ባለፈው የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ትርዒቱ ሊጀመር ሰባት ደቂቃ ሲቀረው እየሮጠች ደረሰች። ፀጉሯ ከቀደመው ትርዒት በጄል ተለጥፎ እንደ ቆብ ደርቋል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ የተፈታ፣ የሚወዛወዝ ፀጉር ነው። ጄል ያለ ውኃ አይለቅም። በውኃ ከረጠበ ማድረቂያ ጊዜ የለንም። አንዱ ፀጉሯን በእርጥብ ፎጣ ያሻል፣ ሌላዋ የዓይኗን ቀለም ትጠርጋለች፣ ሦስተኛዋ ተንበርክካ ጫማ ታጠልቅላታለች። የዓይኗ ቆዳ ቀልቶ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። አንዲት ቃል አልተናገረችም። እንደዚያ ሆና ካሜራ ፊት ወጣች። እኔን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በትርዒትና በትርዒት መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይኑር።

የመድረክ ኃላፊ
እደግፋለሁ። ትርዒት ራሱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ጊዜውን የሚበላው ዙሪያው ነው። እንግዳ ማስገባትና ማስቀመጥ 30 ደቂቃ፣ ማስወጣት 15። ከዚያ ወለል ይጠረጋል፣ የቀደመው ዲዛይነር ያስጌጠው ይነሣል፣ የሚቀጥለው መብራትና ሙዚቃ ይሞከራል፣ ሞዴሎቹም መድረኩ ላይ አንድ ዙር ይለማመዳሉ። አንድ አዳራሽ በሦስት ሰዓት አንዴ ቢሰጠኝ ያለ ጩኸት እሠራዋለሁ።

ስለዚህ ሁለቱን አዳራሾች እናፈራርቅ። ትንሹ 4 ሰዓት፣ ትልቁ 5:30። ከዚያ ረፍት። ትንሹ 8:30፣ ትልቁ 10፣ ትንሹ 11:30፣ ትልቁ ከምሽቱ 1 ሰዓት። በቀን ስድስት ማለት ነው። የትልቁ አዳራሽ እንግዳ ሲወጣ ትንሹ ጋ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

መዘግየትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ሙያ ግማሽ ሰዓት ማርፈድ እንደ ደንብ ተለምዷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኒውዮርክ ውስጥ የዲዛይነሩ የማርክ ጄኮብስ ትርዒት ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ተጀመረ፤ ታዳሚው በጣም ተቆጣ። በቀጣዩ ወቅት ግን በሰዓቱ ጀመረ። ከተፈለገ ይቻላል ማለት ነው። እኔ የምጠይቀው ከተጻፈው ሰዓት 20 ደቂቃ ሲያልፍ በር ተዘግቶ ሙዚቃ እንዲጀመር ነው። የፊት ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ እንግዳ ባይደርስም።

ነባር ዲዛይነር
በቀን ስድስት በአራት ቀን 24 ነው። አመልካቹ 31 ነው። ሰባቱን ምን ልንላቸው ነው? በዚህ ሳምንት ለማሳየት ስድስት ወር ሙሉ ሲሰፉ የከረሙ ልጆች አሉ። ለአንዲት ሞዴል ፀጉር ብለን አንድን ሰው ከነሥራው ማስቀረት ይከብደኛል። ይህን ሳትመልሱ ድምፄን አልሰጥም።

ደግሞ እኔ የእሑድ ማታ መዝጊያውን ጠይቄያለሁ። መልስ ብታሳውቁኝ።

አዲስ ዲዛይነር
ጋሼ፣ ስለ እኛ ስላሰቡ አመሰግናለሁ። ከሰባቱ አንዷ እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እውነቱን ልናገር። ያለኝ ስምንት ልብስ ብቻ ነው። ስምንት ልብስ በሦስት ደቂቃ አልፎ ያልቃል። ለብቻዬ አንድ ሙሉ ሰዓት ተኩል ቢሰጠኝ 200 ወንበር የምሞላበት ስምም የለኝም። እንደ እኔ ያሉ ሌሎች አራት ልጆችን አነጋግሬ ነበር። አምስታችን አንድ ትርዒት ብንጋራ ደስ ይለናል። አምስት ጊዜ ስምንት 40 ልብስ ነው፤ ልክ የአንድ ትርዒት ያህል ይሆናል። የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በእያንዳንዳችን መካከል መብራቱ ለጥቂት ሰከንድ ይጥፋና የቀጣዩ ሰው ስም ግድግዳው ላይ ይታይ፤ ልብሳችን እንዳይደባለቅ። ሁለተኛ፣ እባካችሁ ማለዳ 4 ሰዓት ላይ አታድርጉን። ያን ሰዓት የሚመጣ ጋዜጠኛ የለም።

የገዢዎች ግንኙነት
ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። ከቀሩት ውስጥ ሦስቱ ደግሞ ጌጥና በእጅ የተጠለፈ ሥራ ነው ያመለከቱት። እንዲህ ያለ ሥራ መድረክ ላይ በሦስት ሰከንድ ሲያልፍ ምን ይታያል? ጥልፉ ቀርበው ካላዩት አይገባም። ሞዴሎቹ ቆመው፣ እንግዳው በመካከላቸው እየዞረ ቢያይ ይሻላቸዋል። አዳራሽ አያስፈልገውም። ከአዳራሾቹ ፊት ያለው ሰፊ ክፍል ይበቃል።

ጋሼ፣ ስለ እሑድ ማታው ግን ቅር ሳይልዎት ይስሙኝ። እሑድ ማታ አዳራሹ ጢም ይላል። ልብስ አዝዘው የሚገዙት ሰዎች ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ናቸው። ጭብጨባው ይኖራል፣ ትእዛዙ አይኖርም። ጊዜ በዚህ ሥራ ውስጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የዲዛይነሩ የሄልሙት ላንግ ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 ትርዒቱን ከአውሮፓዎቹ ሳምንታት አስቀድሞ አሳየ። ሌሎች የኒውዮርክ ዲዛይነሮችም ተከተሉት። እስከዚያ ድረስ መጨረሻ ላይ ትመጣ የነበረችው ኒውዮርክ ከዚያ ወዲህ ትከፍታለች፤ ለንደን፣ ሚላንና ፓሪስ ከኋላዋ ይመጣሉ። የአንድ ሰው የቀን ለውጥ የአራት ከተማ ሰሌዳ ገለበጠ። እርስዎም ዓርብ ምሽት 1 ሰዓት ቢይዙ ገዢዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ልብስዎን በእጃቸው ሊዳስሱ ይመጣሉ።

ነባር ዲዛይነር
አልተቀየምኩም። ዓርብ ይሁን። ሰባቱም ቦታ ካገኙ ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ።

ሌላ አባል
እኔ ከአዳራሾቹ ውጪ ማሳየት ነበር የፈለግኩት። ግንባታው ያላለቀ ሕንፃ አግኝቻለሁ፤ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ ነው፣ ለልብሴ ስሜት በጣም ይሄዳል። ይፈቀዳል?

የመድረክ ኃላፊ
ስሜቱ ይገባኛል። ግን ጣሪያውን ማን አየው? እ.ኤ.አ. በ1991 ኒውዮርክ ውስጥ በዲዛይነሩ በማይክል ኮርስ ትርዒት ላይ የሙዚቃው ድምፅ ጣሪያውን አንቀጥቅጦ ልስኑ ሞዴሎቹና ጋዜጠኞቹ ላይ ወርዷል። በየሰገነቱና በየመጋዘኑ ተበታትኖ የነበረውን ትርዒት ወደ አንድ ቦታ ለመሰብሰብ የአሜሪካ ዲዛይነሮች ምክር ቤት ኃላፊ የነበረችውን ፈርን ማሊስን ያነሣሣት ያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 እዚያው ከተማ ብራያንት ፓርክ ውስጥ የትርዒት ድንኳኖች ተተከሉ። ደግሞ መንገዱስ? እንግዳው ከአዳራሽ ወደ ሕንፃው፣ ከሕንፃው ወደ አዳራሽ ሲመላለስ ሰሌዳው በሙሉ ይንሸራተታል። በዚህ ዙር ይቅርብን። ያን የሲሚንቶ ስሜት በመብራትና በግድግዳ ጨርቅ እንዴት እንደምናመጣው አብረን እንሥራበት፤ ቃሌ ነው።

ሌላ አባል
እሺ። ልያዝህ።

አልባሽ
እስካሁን ስለ እኛ ያነሣ የለም፤ ስለዚህ ልናገር። ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ቦታ ለክታችሁታል? እኔ ለክቼዋለሁ። የትንሹ አዳራሽ ጀርባ አሥር ሜትር በስድስት ነው። እዚያ ውስጥ የልብስ መስቀያ፣ የሜካፕ መስታወት፣ ካውያ፣ ሞዴሎች፣ አልባሾች፣ ፎቶ አንሺዎች ይገባሉ። ባለፈው አንድ ቀሚስ ላይ ዚፕ ከመሃል ተሰነጠቀ። ልጅቷ ልትወጣ ሦስት ሰው ቀርቷታል። መርፌ ቁልፍ ከወገቤ አወጣሁ፤ እጄን ግን ወደ ጀርባዋ ማዞር አልቻልኩም። ከኋላዬ አንድ ፎቶ አንሺ ተለጥፎ ቆሟል። በክርኔ ገፍቼው አራት መርፌ ቁልፍ ሰካሁባት። ወጣች። ማንም አላወቀም። ጣቴ ግን ደምቶ ነበር፤ ነጩ ጨርቅ ላይ እንዳይነካ አፌ ውስጥ ከትቼው ቆየሁ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ትርዒቱ ሊጀመር 30 ደቂቃ ሲቀረው ፎቶ አንሺ ከጀርባ ይውጣ። ወለሉ ላይ በፕላስተር የሁለት ሰው መተላለፊያ ይሰመር፤ እዚያ መስመር ላይ ሻንጣ አይቀመጥ። ልብስ የሚቀይሩ ሞዴሎችም እያንዳንዳቸው አንድ አልባሽ ይኑራቸው። ልብሱ ከነጫማውና ከነጌጡ ፎቶው ተለጥፎበት በየሞዴሏ ስም ይሰቀል።

ሞዴል መራጭ
እኔ ራሴ ሞዴል ነበርኩ፤ የሰሌዳውን ጉዳት በእግሬ አውቀዋለሁ። ሰዓቱ ቢራራቅም ታዋቂዎቹን ልጆች ሁሉም ይፈልጋቸዋል። ያኔ አንዲት ልጅ ስድስቱም ትርዒት ላይ ትገኛለች። አንዲት ሞዴል በቀን ከሦስት በላይ እንዳትሠራ፣ ተከታትለው ባሉ ሁለት ትርዒቶችም እንዳትገባ በረቂቁ ይጻፍ። በሁለቱ መካከል ሦስት ሰዓት ታገኛለች፤ ሜካፕ ቡድኑም የጠየቀው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌሊቱ ነው። ሰሌዳችን ምሽት ላይ ያበቃል። ልብስ መለካቱ ግን አያበቃም። ዲዛይነሩ ቀን ጊዜ ስለማያገኝ ልጆቹን እኩለ ሌሊት ይጠራቸዋል። በማግስቱ ማለዳ ደግሞ ወንበር ላይ ናቸው። ትልልቆቹ የፈረንሳይ የፋሽን ኩባንያዎች ኤልቪኤምኤችና ኬሪንግ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት የጋራ ቻርተር ከ16 ዓመት በታች ያለች ልጅ የአዋቂ ልብስ ይዛ እንዳትቀርብ ወስነዋል። ከ16 እስከ 18 ያሉትም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠሩም። እኛ ከዚያ የምናንስበት ምክንያት የለም። እንዲያውም የማታው ክልከላ ለሁሉም ሞዴሎች ይሁን እላለሁ። ልብስ መለካት ከረቡዕ በፊት ይጠናቀቅ፤ በሰሌዳው ላይም እንደ ትርዒቱ ሁሉ የራሱ ሰዓት ይኑረው።

የሜካፕና የፀጉር ቡድን መሪ
እህቴ፣ ይህን ስላልሽ እግዜር ይስጥሽ።

አስተባባሪ
ሁሉንም አነበብኩ። የመጀመሪያ ረቂቄን ጥዬዋለሁ። አዲሱ ይህ ነው።

በቀን ስድስት ትርዒት፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት፣ አዳራሾቹ እየተፈራረቁ። በድምሩ 24 ቦታ። አንዱን ቦታ አምስቱ አዲሶች ይጋሩታል፤ ዓርብ 10 ሰዓት፣ ትልቁ አዳራሽ። የቀሩት 23 ቦታዎች ለ23 ዲዛይነሮች። ሦስቱ የጌጥና የጥልፍ ባለሙያዎች ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ በቀኑ ረፍት፣ ከ7 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ከሩብ፣ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ያሳያሉ። 23፣ 5 እና 3 ሲደመሩ 31። ማንም አልቀረም። ለቆመው ትርዒት የሚመደቡት ሞዴሎች በዚያ ቀን መድረክ ላይ የማይወጡ ይሁኑ፤ የሌሎቹ ረፍት እንዳይነካ። የእሑዱ ረፍት ባዶውን ይቆይ፤ አንድ ነገር ቢበላሽ መጠገኛ እናገኛለን።

እሑድ ማታውን በቀጥታ ለሕዝብ ለሚሸጡት እንስጥ፤ የእነሱ ገዢ እዚያው ወንበር ላይ ነው። የ4 ሰዓቱን ቦታ ማንም ስላልጠየቀው በዕጣ ይሁን። ዕጣው የወጣበት ሰው በሚቀጥለው ወቅት ሰዓቱን ቀድሞ ይምረጥ።

የ20 ደቂቃው ደንብ፣ የሦስቱ ትርዒት ገደብ፣ የሌሊቱ ክልከላና የአልባሾቹ ጥያቄ እንደተጻፉ ገብተዋል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ሰሌዳውን ማን ይይዘዋል? ኒውዮርክ ውስጥ ሩት ፊንሊ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ የትርዒቶቹን ቀን በሮዝ ወረቀት እያተመች ለአሥርት ዓመታት አስተዳድራዋለች። ሁለት ሰው አንድ ሰዓት ከፈለገ ለሁለቱም ስልክ ደውላ ታስማማ ነበር። የአሜሪካ ዲዛይነሮች ምክር ቤት ሥራውን ከእርሷ የተረከበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እኛም ሰሌዳውን የሚነካው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ለውጥ የሚፈልግ እርሱን ያናግር፤ በየግላችን ከአዳራሹ ሰዎች ጋር አንነጋገር።

የመድረክ ኃላፊ
ሞዴል መራጯን እጠቁማለሁ። የማን ልጅ የት እንዳለች የምታውቀው እሷ ናት።

ነባር ዲዛይነር
እደግፋለሁ። በረቂቁም እስማማለሁ።

ሞዴል መራጭ
እቀበላለሁ። የመጨረሻ ስም ዝርዝራችሁን እስከ ሰኞ ላኩልኝ። ሁለት ቦታ የተመዘገበች ልጅ ካገኘሁ የዚያኑ ቀን እደውላለሁ።

አልባሽ
ፕላስተሩን እኔ አመጣለሁ። ረቡዕ ጠዋት ሁለቱንም አዳራሽ አሰምራለሁ፤ አንድ ሰው ሜትር የሚይዝልኝ ይምጣ።

አዲስ ዲዛይነር
እኔ እመጣለሁ።