ሥራ ለቅቆ ማገልገል ወይስ እዚያው ሥራ ላይ? የጅማ የጸሎት ቡድናችን ክርክር

የቆጪ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ሳትስቁ አንብቡልኝ። ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ጾም ጸሎት ላይ አንድ አገልጋይ «ማይክሮስኮፑን ተወው፣ እግዚአብሔር ለሌላ ነገር ነው የፈጠረህ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳስበው ነበር። ልልቀቅ? ወይስ ጥሪዬ እዚያው ነው?

ወንጌላዊው፦ ወንድሜ፣ ጴጥሮስና እንድርያስ ሲጠሩ ወዲያው መረባቸውን ትተው ተከተሉት (ማቴ 4፥20)። ኮሚቴ አልሰበሰቡም። እኔም ከ12 ዓመት በፊት የመንግሥት ሥራ ለቅቄ ወጣሁ። አልተራብኩም አልልም፣ ተርቤያለሁ። ግን አልተጸጸትኩም።

የጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) ነጋዴ፦ ጳውሎስስ? ቆሮንቶስ ላይ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ 18፥3)። የኛው ጃንደረባስ? የንግሥት ሕንደኬ ገንዘብ ሹም ነው። ፊልጶስ ሲያጠምቀው «ሹመትህን ጣል» አላለውም። ሰውዬው ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። የእኔ ጥሪ ሚዛኔ ላይ ነው። ገበሬው ከአጋሮ በኩል ጀንፈሉን ጭኖ ሲመጣ ኪሎ አልሰርቀውም።

ወንጌላዊው፦ ይቅርታ አድርግልኝና ይሄ ጥሪ ሳይሆን ግዴታ ነው። መርካቶ ሚዛን የማይሰርቁ ስንት ሙስሊም ነጋዴዎች አሉ። ታዲያ ያንተ ክርስትና የቱ ጋ ነው?

የጀንፈል ነጋዴ፦ (ቆየት ብሎ) እሺ፣ ይቺ ገብታኛለች። ጎረቤቴ ሐጂ ከእኔ የበለጡ ታማኝ ናቸው፣ አልክድም። ግን ቆላስይስ 3፥23ን እይ። ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉት አድርጉት የተባሉት እነማን ናቸው? ባሮች! ባሪያ መልቀቂያ ጽፎ አይወጣም። እነሱ ጥሪ አልነበራቸውም ልትለኝ ነው?

ወንጌላዊው፦ አላልኩም። ልጁ ግን ባሪያ አይደለም፣ መልቀቅ ይችላል።

የሰንበት ተማሪዋ፦ በእኛ በኦርቶዶክሶች በኩል ምነና ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም «ተጠርቻለሁ» ያለ ሁሉ በማግስቱ ቆብ አይደፋም። ገዳም ገብቶ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ በአመክሮ ይቆያል። የሚመዝኑት ሌሎች ናቸው። አንድ ሰው በአንድ ቀን በነገረህ ቃል ደሞዝ አይለቀቅም፣ ይቅርታ።

የቆጪ ልጅ፦ እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ባልታዘዝስ?

ጡረተኛዋ መምህርት፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ልጄ፣ ኦነሲሞስ ነሲብን ታውቀዋለህ? የጎረቤታችን የኢሉባቦር ልጅ ነው። በሕፃንነቱ ተሰርቆ ተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። ወገኖቹ ዘንድ ሄዶ ለማስተማር ደጋግሞ ተነሣ፣ መንገዱ ደጋግሞ ተዘጋበት። ኤርትራ ተቀምጦ መተርጎም ያዘ። አስቴር ጋኖ አብራው ለፋች። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። መንገዱ ቶሎ ተከፍቶለት ቢሆን ያን ሁሉ ዓመት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር? እንጃ። እኔ 34 ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ጥሪ ነው ብዬ አላውቅም። አሁን የድሮ ተማሪዎቼ መንገድ ላይ ሲያቅፉኝ ነው የሚገባኝ።

ወንጌላዊው፦ እትዬ፣ እሱ ግን በመጨረሻ ሄዷል እኮ! ነቀምት ሲያስተምር ኖሮ እዚያው ነው የሞተው።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ ሄዷል፣ ልክ ነህ። እኔም አትሂድ አላልኩትም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው። ልጄ፣ ባለቤትህ ምን አለች?

የቆጪ ልጅ፦ ገና አልነገርኳትም።

የጀንፈል ነጋዴ፦ እና መጀመሪያ እኛን ነው የምትጠይቀው?!

ወንጌላዊው፦ ኧረ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ንገራት። እኔ ባለቤቴን ሳልነግራት ነበር የለቀቅኩት። ያን ጊዜ የተራብኩት ደሞዝ ስለቀረ ብቻ አይደለም።